«አለሁ» ለማለት ድምፅ ስናጣ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሸሕዲ፣ በሦስት አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



ከኋላ የተቀመጣችሁ ካልሰማችሁን እጃችሁን አውጡ፤ አናፍርም፣ ደግመን እናነባለን። ይህን ንግግር የጻፍነው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ያደረግን፣ ሦስታችንም ከዚያ በኋላ ድምፃችን የጠፋብን ነን። ከመካከላችን አንዷ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ቡና ትሸጣለች፣ አንዷ ሰሊጥ ትነግዳለች፣ አንዷ የማኅበሩን ሂሳብ ትይዛለች። የምታነብላችሁ ሂሳብ ያዧ ናት። ከሦስታችን ድምፅዋ የተሻለው እሷ ስለሆነች ነው እንጂ አንባቢነቷ በልጦ አይደለም።

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። እሑድ እሑድ ስንሰበሰብ ስም ይጠራል። የተጠራችው «አለሁ» ትላለች፤ ያላለች በደንባችን መሠረት 10 ብር ትቀጣለች። ከሁለት ዓመት በፊት የሻይ ቤቷ እህታችን ከሆስፒታል በተመለሰች ሰሞን ሦስት እሑድ ተከታትላ መጣች። ሦስቱንም ጊዜ ስሟ ተጠራ፤ ሦስቱንም ጊዜ «አለሁ» አለች፤ ማንም አልሰማትም። በመዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ «ቀሪ» ተብሎ ተጻፈ፣ 30 ብር ተቀጣች። ቁጠባዋ ግን በቡድን መሪዋ በኩል ገብቷል። ገንዘቧ ገብቶ እሷ ቀሪ መባሏ እንኳ አላስጠረጠረንም። መዝገቡን የያዘችው ይህችው የምታነብላችሁ ናት። እህታችን አልተከራከረችም፤ በምን ድምፅ ትከራከር? በአራተኛው እሑድ እውነትም ቀረች፤ ከዚያ አምስት ወር ቀረች። እኛም «ከታመመች ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ» አልን። ነገሩ የገባን በዓመቱ ሂሳብ ያዧ ራሷ ታክማ ስትመለስና ያ እሑድ ሲደርስባት ነው።

እንቅርት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ቆላ ከምንኖረው ብዙዎቻችን ከደጋ የመጣን ነን፤ እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ይዘውት ኖረዋል፣ በንቅሳት ያስጌጡትም አሉ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ልጅ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ 36 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 ደርሷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ከጨዉ በፊት ያደገ እንቅርት በጨው አይጠፋም፤ የእኛ የዚያ ዘመን ዕዳ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ጨው ፀሐይ ላይ በተከፈተ ጆንያ ከሚሸጥበት አትግዙ። ቤት ስታስገቡም በክዳን ዕቃ አድርጉት፣ ወጥ ላይ መጨረሻ ጨምሩት። አዮዲኑ በሙቀት ይበናል፤ የእኛ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው።)

ሐኪም አይደለንም። ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ነው የምንነግራችሁ። ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ቢራቢሮ ክንፉን እንደዘረጋ የተቀመጠ ነው። ከኋላው በግራና በቀኝ ክር የመሰሉ ነርቮች ያልፋሉ። አንዱ «ተመላሽ ነርቭ» ሊባል ይችላል። ከአንጎል ወርዶ ማንቁርቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ደረት ውስጥ ይገባል፣ በግራ በኩል ያለው ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ይዞራል፣ ከዚያ ሽቅብ ተመልሶ ማንቁርት ይገባል። ከሸሕዲ ኮኪት ለመሄድ በጎንደር እንደመዞር ማለት ነው። የድምፅ አውታሮቻችንን የሚከፍተውና የሚዘጋው ይህ ነርቭ ነው። ጋለን የሚባል የጥንት ሐኪም ከ1800 ዓመት በፊት ሮም ውስጥ በሕዝብ ፊት ይህን ነርቭ ቆርጦ የሚጮኽ አሳማ ዝም ያሰኝ ነበር። ሌላው ነርቭ ከላይ የሚመጣ፣ ከዚህም የቀጠነ ነው። የሚያዘው የድምፅ አውታሮቹን የሚወጥረውን ጡንቻ ነው። እንደ ክራር ነው፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲላላ ይወፍራል።

ቀዶ ሐኪሙ እንቅርቱን ሲያወጣ በእነዚህ መካከል ነው እጁ የሚያልፈው። ልምድ ባለው ሐኪም እጅ ተመላሹ ነርቭ ለዘለቄታው የሚጎዳው ከመቶ አንድ ሁለት ሴት ቢሆን ነው። ለጊዜው ተለጥጦ ወይም አብጦ የሚሰንፈው ግን ከዚያ ይበዛል። የላይኛው ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ልብ አይለውም፤ ትናገራለችና «ደህና ናት» ይባላል። አሜሊታ ጋሊ-ኩርቺ የምትባል ጣሊያናዊት የኦፔራ ዘፋኝ በ1935 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ እንቅርቷን ታከመች። ቀጭኑ ድምፅዋ የጠፋው ይህ ነርቭ ተጎድቶ ነው እየተባለ ለሕክምና ተማሪዎች ብዙ ዘመን ተነግሯል። በኋላ የመጡ ሐኪሞች «ቀድሞም ድምፅዋ እየደከመ ነበር» ብለው ተከራክረዋል። እኛ የእሷን ባናውቅም የእኛን እናውቃለን፤ ከሦስታችን ሁለታችን እስከ ዛሬ እልል ማለት አንችልም። አንዳችን የወንድሟ ልጅ ሠርግ ላይ አፏን ከፍታ አየር ብቻ ወጣ። አጠገቧ የነበሩት እልልታውን ስላቀለጡት ማንም አላወቀባትም፤ እሷ ግን ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አሁን ለመናገር የምናፍርበትን እንናገር። ሰሊጥ ነጋዴዋ እህታችን ከሕክምናው በኋላ ድምፅዋ ጎረነነ። ለዓመታት አብሯት የሠራ ደንበኛ ዘንድ ደውላ «ሄሎ» ብትል «ወንድሜ፣ ማን ልበል?» አላት። ስሟን ብትነግረው «ለእሷ ስጣት» አላት። ባሏ የመለሰ መስሎታል። አማርኛችን በዚህ አይራራም፤ «እርስዎ» ካላሉ በቀር የማያዩትን ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግድ ነው። ያን ወር ስልክ ማንሣት ተወች፤ የመኸሩ ሰሊጥ በሌላ ሰው አፍ ተሸጠ። ምን ያህል እንደጎደለባት ሂሳቡን ሠርተን አይተናል፤ እሷ ስላልፈቀደች ቁጥሩን አናነብም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ይዘን ስለ ድምፅ ስናነብ ያላሰብነው ነገር አጋጠመን። በሌሎች ሀገሮች ድምፅ የሚያቀጥን ቀዶ ሕክምና አለ። የሚያደርጉት በአብዛኛው ሲወለዱ ወንድ የተባሉ፣ ሴት ሆነው የሚኖሩ፣ ትራንስጀንደር ሴቶች የሚባሉ ናቸው። በጉርምስና ጊዜ የጎረነነ ድምፅ የሴት ሆርሞን ቢወሰድም ተመልሶ አይቀጥንም። የወንድ የድምፅ አውታር በሰከንድ 120 ጊዜ ገደማ፣ የሴት 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ጃፓናዊው ሐኪም ኖቡሂኮ ኢሺኪ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ የማንቁርቱ ሁለት አጥንት መሰል ክፍሎች ተቀራርበው ይሰፉና አውታሩ ይወጠራል፤ እኛ ላይ የሰነፈውን የዚያኑ ጡንቻ ሥራ በክር መሥራት ማለት ነው። ጀርመናዊው ዩርገን ቬንድለር በኋላ ባመጣው ዘዴ ደግሞ የአውታሮቹ የፊት ጫፍ ይሰፋና የሚርገበገበው ክፍል ያጥራል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ እነዚህ ሴቶች አንድ ዓይነት ሐሳብ እንደሌለን እናውቃለን፤ ለክርክርም አላነሣነውም። ያነሣነው ሁለት ነገር ስላየን ነው። አንደኛ፣ ስልክ አንሥቶ «አንተ» መባልን የሚፈሩ ሴቶች ከእኛ ሌላም አሉ። ሰሊጥ ነጋዴዋ ይህን ስናነብላት «እንግዲያው ያቺ ሴት የእኔን ወር ዕድሜዋን ሙሉ ኖራዋለቻ» አለች። ሁለተኛ፣ ስለ ማገገም ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ ድምፅ ፈልገው ስለሚታከሙ ስለ ድምፅ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ከሕክምናው በፊት ድምፃቸው ይቀዳል። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ጭራሽ አይናገሩም፤ በወረቀት ወይም በስልክ ጽሑፍ ይግባባሉ። ማንሾካሾክም ይከለከላል። ቀጥሎ በቀን ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይጀምራሉ፣ ከድምፅ ሕክምና ባለሙያ ጋር ወራት ይለማመዳሉ። ድምፃቸው ሊደክም፣ ጩኸታቸው ሊቀንስ እንደሚችል፣ ቢላዋው ብቻውን እንደማይበቃ አውቀው ይገባሉ።

እኛ ግን ከሦስታችን አንዳችንም ከመታከማችን በፊት ስለ ድምፅ አልተነገረንም። ፈርመናል፤ ምን እንደፈረምን አላነበብንም፤ ሂሳብ ያዧም ጭምር፣ ያልተነበበ ወረቀት ላይ አትፈርሙ ስትላችሁ የምትውለው። እንዲህ ስንል ሐኪሞቻችንን ለመክሰስ አይደለም። ማታ ማታ ትንፋሽ የሚያሳጥረንን አውጥተውልናል። ብቻ «ድምፄስ?» ብለን ብንጠይቅ ይመልሱልን ነበር።

የሻይ ቤቷ እህታችን ከሆስፒታል በወጣች በስድስተኛው ቀን ከሰሉ ፊት ነበረች። በከሰል ጭስ፣ በመጋቢት ሙቀት፣ በአውቶቡስ ጩኸት መካከል ደንበኛ ልትጠራ ስትታገል አንገቷን እየወጠረች ትጮኽ ነበር። ያን ልማድ ለማስተው በኋላ ከነርቩ በላይ ጊዜ ፈጅቷል። ሂሳብ ያዧ በተቃራኒው ፈርታ ሁለት ወር አንሾካሾከች። እሱም ስሕተት ነበር፤ ማንሾካሾክ ያደክማል እንጂ አያሳርፍም። የእኛ አውታሩ እንደ እነዚያ ሴቶች ስላልተሰፋ ሙሉ ዝምታ የግድ አይደለም፤ በለስላሳው፣ ቅርብ ላለ ሰው፣ በራስ ድምፅ መናገር ነው ያለብን። ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ ጉሮሮን በኃይል አለመጥረግ፣ ከጭስ መራቅ። መጀመሪያ ቀናት የሚሰማው ሻካራነት ከመተንፈሻ ቱቦው ሊሆን ስለሚችል አያስደነግጥም። ሳምንታት ካለፉ ግን የአንገት በላይ ሐኪም በመስተዋት ወይም በካሜራ አውታሮቹን ማየት አለበት። ጣትና ከንፈር ሲደነዝዝ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ነገ አይባልም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። አብዛኛው የሰነፈ ነርቭ ከሳምንታት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይነሣል። ባይነሣም ቆሞ የቀረውን አውታር ወደ መካከል የሚያስጠጋ ሕክምና አለ። ይህን የመጨረሻውን ብናውቅ ኖሮ ስንት ሌሊት በተኛን።

የሻይ ቤቷ እህታችን ድምፅ በሰባተኛው ወር ተመለሰ። አንድ ጠዋት ድመት ወተት ላይ ስትወጣ አይታ «ሂጂ!» ብትል ድመቷም እሷም ደነገጡ። የሂሳብ ያዧ በአራተኛው ወር ተመለሰ፤ ቀጭኑ ክፍል ግን ቀርቷል። የሰሊጥ ነጋዴዋ እንደጎረነነ ነው። አሁን ስልክ ስታነሣ «እኔ ነኝ እህትህ» ብላ ትጀምራለች፤ «አንተ» ለማለት ፋታ አትሰጥም።

ከጉባኤው የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በስም ጥሪ ላይ «አለሁ» ማለት ያልቻለች እጇን ብታወጣ ወይም ብታጨበጭብ እንድትቆጠር ደንቡ ይሻሻል፤ ጠሪዋም ከመዝገቡ ቀና ብላ ታይ። ደጋፊዎቻችንን ደግሞ፣ ለአባላት ሕክምና በሚሰጠው ድጋፍ ውስጥ የመመለሻው ጉዞ እንዲካተት እንለምናለን። እስካሁን የሚሸፈነው ለቀዶ ሕክምናው መሄጃና መምጫ ብቻ ነው። ድምፅን የሚያይ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ግን ዳግመኛ ጎንደር መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀንም ቢሆን የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ ብዙዎቻችንን ያስቀራል። ከሦስታችን ለክትትል የተመለስነው አንዳችን ብቻ ነን።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከእህታችን በቅጣት የተወሰደው 30 ብር በዚህ ወር መዝገብ «ተመላሽ» ተብሎ ተጽፏል። ደረሰኙ እዚህ ነው፤ ከጉባኤው በኋላ መጥታ ትፈርምልን።