ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያደረግነው የአንድ ቀን ጉብኝት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጂኦግራፊ ክበብ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር



ስለ ጂኦግራፊ ክበባችን ጉብኝት በዚህ በዓል ላይ እንድናገር የታዘዝሁት የክበቡ ጸሐፊ በመሆኔ ነው እንጂ ንግግር ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ የረሳሁት ቢኖር አብረውኝ የሄዱት ሠላሳ አራት ተማሪዎች ከመካከላችሁ ተቀምጠዋልና ያርሙኛል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ክበባችን ሊጎበኝ ያሰበው ባሕር ዳርን ነበር። የጣናን ገዳማት፥ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምርበትን ስፍራና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በዓይናችን ለማየት ተመኝተን ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ ግን መዋጮው ለብዙዎቻችን ቤት የሚቻል ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ የጂኦግራፊ መምህራችን ካርታውን ዘርግተው፥ «የምትፈልጉት ሐይቅ፥ ደሴትና ጥንታዊ ገዳም ከሆነ፥ ሦስቱም ከደጃችሁ አሉላችሁ» ብለው ጣታቸውን በዝዋይ ላይ አሳረፉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ተስማሙ። አንዱ ግን፥ «ዝዋይማ ዓሣ መብያ ነው እንጂ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ አኮረፈ። ይህን የተናገረው ተማሪ ማን እንደሆነ ለማወቅ የምትጓጉ ካላችሁ፥ እኔ ነበርሁ።

በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ቀን፥ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሆን፥ ከትምህርት ቤታችን በስተኋላ ካለው ቦረቦር አጠገብ ተሰበሰብን። ይህን ቦረቦር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየክረምቱ አፉን እያሰፋ ወደ ኳስ ሜዳችን ይቀርባል፤ እስካሁንም ስንት ኳስ እንደ ዋጠብን የስፖርት ክበቡ ይቁጠረው። በዚያን ጠዋት አውቶቡሱን ስንጠብቅ በዳሩ ተቀምጠን ጠጠር እየወረወርን ተጫወትንበት። ስለ እርሱ ከዚያ በላይ ያሰበ ሰው አልነበረም።

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከዘቢዳር ተራራ ጀርባችንን ሰጥተን ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ፥ በማረቆ በኩል በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ሜዳውን ቀይ ምንጣፍ አስመስሎት ነበር፤ ሽታው በመስኮት እየገባ ግማሾቻችንን አስነጠሰን። መምህራችን በመንገድ ላይ ሳሉ እንድናሰላ ያዘዙን ሒሳብ ነበር። የዘቢዳር ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3700 ሜትር ይበልጣል፤ የዝዋይ ሐይቅ ደግሞ 1636 ሜትር ያህል ላይ ነው። እንግዲህ ከተራራው ራስ የተነሣች የዝናም ጠብታ ሐይቁ እስክትደርስ ከ2000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለች ማለት ነው። ይህን ቁጥር በደብተሬ ጻፍሁት፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አልገባኝም ነበር።

ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እውነቱን ለመናገር ከተማዋ ራስዋ ጥንታዊት አይደለችም፤ ሆቴሎችዋ፥ ሱቆችዋና ባጃጆችዋ የማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ናቸው። ጥንታዊው ነገር ያለው በውኃው መካከል ነው። ወደ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ እየበለቱ፥ አባ ኮዳዎችም እንደ ሽማግሌ ዳኞች አንገታቸውን ሰብረው ከአጠገባቸው ቆመው የሚወረወርላቸውን አንጀት ሲጠብቁ አገኘናቸው። አንዱ አባ ኮዳ የአንድ ጓደኛችንን ምሳ ከእጁ ሊነጥቀው ሲል ያደረግነውን ጩኸት ግን አልተርክም።

አስጎብኚያችን ከዛይ ወገን የሆነ፥ በደሴት የተወለደ ወጣት ነበር። የተንሳፋፊ ሰደርያ ካስለበሰን በኋላ በሞተር ጀልባ አሳፍሮ ወደ ምሥራቅ አመራን። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ እንደ ስፋቱ አይደለም። እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአማካይ ግን ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ይኸውም ከክፍላችን ረጅሙ ልጅ በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም ራሱ ከውኃው በላይ ይታያል ማለት ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ በአንድነት አንድ ትልቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ መምህራችን ነገሩን።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ፥ «በመጽሐፍ ላይ ያየነው ሐይቅ ሰማያዊ ነው፤ ይህ ለምን እንዲህ ደፈረሰ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው መልስ ከመስጠቱ በፊት፥ «እናንተ ከወዴት ናችሁ?» አለ። «ከእንሴኖ» አልነው። «እንግዲያውስ አፈራችሁን ልትጠይቁ መጥታችኋላ!» አለን።

ሁላችንም ሣቅን። እርሱ ግን በግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር የሣቀው። ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ እያመለከተ ነገሩን አስረዳን። ሐይቁን የሚመግቡት ሁለት ታላላቅ ወንዞች ናቸው፤ ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ከታርና ከጉራጌ ደጋ የሚነሣው መቂ። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጭቃው ከሥር ይነሣል፤ ጭቃው ደግሞ በየክረምቱ የሚጨመረው በነዚሁ ወንዞች ነው። ተዳፋቱ ሲታረስ፥ ዛፉም ሲቆረጥ የሚታጠበው አፈር ሌላ መሄጃ የለውም። በዚያን ጊዜ በደብተሬ ላይ የጻፍሁት ቁጥር ትዝ አለኝ። ከ2000 ሜትር በላይ የምትወርደው ጠብታ ባዶ እጅዋን አትወርድም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዝን በኋላ ቱሉ ጉዶ ደረስን። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ሲሆን፥ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል። ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ፀሐይዋም ስለበረታች ደጋግመን ዐረፍን። ከላይ ሆኖ ሲታይ ግን ድካሙ ይረሳል፤ ሐይቁ በአራቱም ማዕዘን ተዘርግቶ፥ በዳሩ ያለው ሸምበቆ እንደ አረንጓዴ ጥልፍ ይታያል።

አንድ አረጋዊ ካህን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀብለው የደሴቱን ታሪክ ነገሩን። በትውፊት እንደሚነገረው፥ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ታቦቷም ሰላም እስኪሆን ድረስ በዚህ ደሴት ብዙ ዓመት ተጠብቃ ቆይታ ወደ አክሱም ተመለሰች። በኋላም በ16ኛው መቶ ዓመት በተነሣው ጦርነት ከሸዋ የሸሹ ሰዎች በደሴቶቹ ተጠግተዋል ይባላል። መምህራችን ትውፊት ሌላ፥ በጽሑፍ ማስረጃ የተረጋገጠ ታሪክ ሌላ መሆኑን ሁልጊዜ ያስጠነቅቁናልና፥ እኔም ትውፊት ብዬ አቀረብሁላችሁ። በዓይናችን ያየነው ግን የብራና መጻሕፍቱን ነው። የቅዱሳንን ገድል የያዘው መጽሐፍ ሲገለጥ፥ ስንት መቶ ዓመት ያለፈበት ቀለም ትናንት የተጻፈ መሰለ። ከመካከላችን እስላሞችም ክርስቲያኖችም ነበርን፤ ካህኑ ሁላችንንም እኩል በትዕግሥት አስረዱን፤ ስንሰናበትም ቆሎ አበሉን።

እዚህ ላይ የማልረሳው ነገር አለ። ከስልጤ ቤተ ሰብ የተወለደ አንድ ጓደኛችን፥ አስጎብኚው ከአንዲት እናት ጋር በዛይኛ ሲነጋገር ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ፥ «ይህ ሰው የእኔን ቋንቋ ነው የሚናገረው!» ብሎ ጮኸ። በእርግጥ አንድ ቋንቋ አይደለም፤ ሁሉንም ቃል አልተረዳም። ነገር ግን የቋንቋ ሊቃውንት ዛይኛን ከስልጥኛ፥ ከወለንኛና ከሐረሪ ጋር በአንድ ወገን እንደሚመድቡት መምህራችን አስረዱን። ሁለቱ ልጆች እስከ ምሳ ድረስ ተቀምጠው፥ «እናንተ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ያንንስ?» እየተባባሉ ሲቆጥሩ ዋሉ። ዛይኛ የሚናገሩት ሰዎች ግን ጥቂት ሺህ ናቸው። የደሴቱ መሬት ስላልበቃቸው ብዙዎቹ ወደ የብሱ ወጥተዋል፤ ልጆቻቸውም በኦሮምኛና በአማርኛ ያድጋሉ። ባሕር ዳር ብንሄድ ኖሮ ይህን ጨዋታ ከየት እናገኘው ነበር? ያኮረፈው ተማሪ በዚህ ሰዓት ኩርፊያውን ፈጽሞ ጥሎ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወርድ አስጎብኚያችን በኮረብታው ጎን የተደረደሩትን የድንጋይ እርከኖች አሳየን። አያቶቹ የሠሩዋቸው ናቸው። በውኃ ተከበው በጠባብ መሬት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት ዛዮች፥ አፈሩ ከታጠበ ሌላ አፈር የሚያመጡበት ስፍራ አልነበራቸውም። ስለዚህ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው አስቀሩት። አንዱን ግድግዳ በእጄ ነካሁት፤ ከወገቤ በታች የሆነ፥ ያለ ጭቃ በደረቁ የተካበ፥ ሆኖም የማይነቃነቅ ነው። ማንም መሐንዲስ አላየውም፤ ማንም ድጎማ አልሰጠበትም።

ከጀልባው አጠገብ መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «አባባ፥ ዛሬ ምን ያህል ያዙ?» ብለን ጠየቅናቸው። ባለጉዳዩን ሁሉ ሰምተው እንደ ሰለቹ ሰው ከመረቡ ቀና ሳይሉ፥ በልጅነታቸው ቆሮሶው የእጅ መዳፍ ያህል ሲሆን ወደ ውኃ ይመልሱት እንደ ነበር፥ አሁን ግን የመዳፍ ያህሉ ራሱ ለገበያ እንደሚቀርብ ነገሩን። አስጎብኚውም የቀረውን ጨመረልን። በዙሪያው ያሉት የቲማቲምና የሽንኩርት እርሻዎች በሞተር ውኃ ይስባሉ፤ ታላላቅ የአበባ እርሻዎችም አሉ፤ እምቦጭ የተባለውም አረም በሐይቁ ዳር ታይቷል። ከሐይቁ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል፤ ወንዙ በቀነሰ ጊዜ አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነውና እየሸሸ ይሄዳል፤ አሁንም እጅግ ሸሽቷል። እንግዲህ ነገሩ ከእኛ ይጀምርና በዝዋይ አልፎ ከዚያም ወዲያ ይሄዳል ማለት ነው። ስለ አበባው እርሻ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ጥፋቱ ሁሉ የእርሻው ነው አሉ፤ ሌሎቹ በዚያ የሚሠሩ እህቶች አሉን፥ በደመወዛቸው ነው የምንማረው አሉ። ክርክሩ አልተፈታም፤ ምሳ ደረሰ።

የምሳው ነገር አጭር ነው፤ የዓሣ ጥብስ በአዋዜ በላን፤ ሁለት ልጆች አጥንት ተሰካባቸው፤ ዳቦ ደረቁን ውጠው ዳኑ። ስንመለስ ከሸምበቆው አጠገብ የጉማሬ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ታየን። ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲሽቀዳደሙ ጀልባው ዘንበል ስላለ አስጎብኚው ተቆጣ፤ ተገቢ ቁጣ ነበር።

ወደ እንሴኖ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ከአውቶቡስ ስንወርድ ጠዋት የተቀመጥንበት ቦረቦር ፊት ለፊታችን ነበር፤ ማንም ጠጠር አልወረወረም። እኔ መምህራችንን፥ «ጋሼ፥ ይህስ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ካርታውን አውጥተው በእጅ ባትሪ ብርሃን የጅረቶቹን መስመር በጣታቸው ተከትለው መቂ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በማግሥቱ እሑድ ሦስት ሆነን ቦረቦሩን ለካነው፤ ርዝመቱ በእኔ እርምጃ 86 ሆነ፤ ጥልቀቱም በሦስት ቦታ ከቁመቴ ይበልጣል። በጥግ በኩል ያለፈው ዓመት ክረምት ያፈረሰው አጥር ምሰሶ አሁንም በአየር ላይ ተንጠልጥሏል።

ክቡር ርእሰ መምህራችን ፈቅደውልን የጂኦግራፊ ክበብ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት የድንጋይ ክትር መሥራት ይጀምራል። የመጀመሪያው ክትር ከኳስ ሜዳው ማዕዘን በታች እንዲሆን ተወስኗል። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር ለማምጣት ጋሪ ያላቸው ወላጆች ቢረዱን እጅግ ደስ ይለናል። ተማሪዎች ዶማና አካፋ ይዛችሁ ኑ፤ ዶማ የሌለው ሁለት እጁን ይዞ ይምጣ። ለአስጎብኚያችንም ደብዳቤ ጽፈንለታል፤ ክረምቱ ሲገባ መጥቶ ሥራችንን እንዲያይ ጋብዘነዋል፤ እመጣለሁ ብሎ መልሷል።