ሴባስቶፖልን የጎተተ ትከሻ

— ዛሬ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ነን። የዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበት!

— ሰባት ቶን ገደማ! መድፉን ሁሌ እናወራለን፤ የጎተተውን ወታደርስ?

— እሱን ልል ነበር እኮ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው።

— ስድስት ወር ሊሞላ! መንገድ እየጠረጉ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርደው እየወጡ። ጦሩ መድፉን አልያዘም፤ መድፉ ነው ጦሩን የያዘው!

— ዓፄ ቴዎድሮስም አብረው ድንጋይ ያነሱ ነበር።

— እሱስ እውነት ነው ወንድሜ። ግን ብዙው ጦር ከድቷል። የቀረው ይጎትት ወይስ ይዋጋ?

— ያለ መድፍስ የመጣባቸውን የእንግሊዝ ጦር በምን ይመክቱ?

— በመድፉስ መከቱ? መቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የወደቀው እኮ ያው ገመድ የላጠው ትከሻ ነው።

— በዚህ ረታሽኝ።

— አዲስ አበባ የመድፉ ምስል አደባባይ ቆሟል። ለጎታቾቹስ?