ንጽሕና፣ ልክና መዝገብ፦ ልጆቻችን በቤተ ሙከራ



ዛሬ የምንወስነው፣ ከዓመቱ ትርፍ ጥቂቱ በደባርቅና በዳባት ሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ ሴት ልጆቻችን የቤተ ሙከራ ዕቃ መግዣ ይዋል ወይስ አይዋል የሚለውን ነው። ገንዘቡ ለብድር ቢውል ለጥቂት እህቶች የበግ መግዣ ይሆን ነበር፤ ይህን አንሸሽግም።

«ሲንቴቲክ ባዮሎጂ ምንድን ነው?» ብላችኋል። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የምንፈልገውን እንዲያመርቱ ዘረመላቸውን መለወጥ ነው። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ድሮ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ተመረተ፤ በ1982 ለሕሙማን ተፈቀደ። በ2006 ደግሞ የወባ መድኃኒት መነሻ የሆነ ንጥረ ነገር በእርሾ ተሠራ።

በአገራችን ዘረመል መለወጥ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለልጆቻችን የምንጠይቀው ይህን አይደለም፤ መነሻውን ነው። መነሻው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ንጽሕና ነው። ተማሪዋ ጠረጴዛውን በአልኮል ትወለውላለች፤ የምትዘራበትን ሽቦ እስኪቀላ በእሳት ታግላለች። እኛ ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ የምናጥነው ጠላው እንዳይበላሽ አይደል?

ሁለተኛው ልክ ነው። ማይክሮፒፔት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺኛ ይለካል፤ እጅ የሚለምደው በመደጋገም ብቻ ነው።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። ቀን ይጻፋል፤ የተሳሳተው አይፋቅም፣ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል። የሂሳብ መዝገባችንንም የምንይዘው እንዲሁ ነው። ደግሞ አንድ ሳህን ምንም ሳይዘራበት ይቀመጣል። በእሱ ላይ አንዳች ከበቀለ የሌሎቹም ውጤት አይታመንም። ለእኛ ይህ ኦዲት ነው።

ልጆቻችን ፒፔትን በመጽሐፍ ሥዕል ያውቁታል፤ በእጃቸው ግን አልያዙትም። በጨው፣ በሳሙናና በቀዝቃዛ አልኮል ከሽንኩርት ዲኤንኤ ማውጣት እንኳ በጥቂት ብር የሚሠራ ትምህርት ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ነው፤ ጎንደርም ሩቅ አይደለም። እዚያ ሲደርሱ እጃቸው የለመደ ይሁን እንላለን።

ከተስማማችሁ፣ በትንሹ እንጀምር። እያንዳንዱ ዕቃ በደረሰኝ ይገዛል፤ በንብረት መዝገብ ይሰፍራል። በስድስተኛው ወር መዝገቡን ይዘን እፊታችሁ እንቀርባለን። ውሳኔው የእናንተ ነው።