የጎለመሰ ልጅና የቤተ ሰብ ፍቅር
(ለዘመሮ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል)



ሕፃን በተራበ ጊዜ ያለቅሳል፤ እናቱም ሰምታ ታጠባዋለች። ድምፁ የጎረነነ ልጅ ግን ባዘነ ጊዜ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ጨዋነት እየተቈጠረ የሚጠይቀው ይታጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነው ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት።

የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች ጦር በተያዘ ጊዜ ገና የ7 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረ። አባቱ በዚያው ሞቱ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። በእንግሊዝ አገር ምግብና ልብስ፥ ትምህርትም አልጐደለበትም፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ታስብለት ነበር። አማርኛ የሚያውቀው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ነበረ፤ ልጁም ወደደው። ነገር ግን መንግሥት ለትምህርቱ ይሻላል ብሎ ለያቸው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ቢለዋውጡለትም ደስታ አላገኘም። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ የጐደለው የኔ የሚለው ሰው ነበረ።

የልዑሉ ታሪክ ለገበሬ ልጅም ምሳሌ ይሆናል። ከመንዝ ደጋ አንዱ ልጅ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ አገር ያቋርጣል፤ ሌላውም ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ለቆሎ ተማሪ የኔታ አባትም መምህርም ናቸው፤ ጓደኞቹም ወንድሞቹ ናቸው። በኪራይ ቤት ያለው ልጅ ግን ማታ በሩን ሲዘጋ ብቻውን ነው። አባቱ በሶና ቆሎ ይዞለት ሲመጣ ስለ ትምህርቱ ይጠይቀዋል፤ ስለ ልቡ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በሶ ሆድን ያጠግባል እንጂ ናፍቆትን አያስታግሥም።

ስለዚህ ወላጅ ስንቁን አስቀምጦ ወዲያው አይመለስ፤ ተቀምጦ ያጫውተው፤ ሳይቈጣ ይስማው። የንስሐ አባትም ቤተ ሰቡን ሲጐበኙ ያን የኪራይ ቤት አይለፉት። ኀዘኑ የሰነበተ፥ እንቅልፍና ምግብ የራቀው ልጅ ቢገኝም ከጸበሉ ጋር ወደ ሐኪም ይወሰድ እንጂ ሰነፍ ተብሎ አይሰደብ።

ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በቀረ ጊዜ እመቤታችንና ዮሴፍ ከዘመድ መካከል ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ እንደሌለ ባወቁ ጊዜ ግን ተመልሰው እስኪያገኙት ድረስ ፈለጉት። የጎለመሰ ልጅም አካሉ በቤት ሳለ ልቡ ሊርቅ ይችላል። አብሮን አለ ብሎ መንገድ ከመቀጠል ተመልሶ መፈለግ ይሻላል።