መጽሐፉ ታተመ፣ ሊቁ ተረሳ!

(ደሴ ላይ ለመጻሕፍት ወዳጆች የቀረበ ንግግር)



ስለ መጽሐፍ ተናገር ብላችሁ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ሊቅ አይደለሁም። ቅኔ ቤት አልዋልኩም፣ ዲግሪም የለኝም። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤ ኋላም አራሚ ሆኛለሁ። ሊቃውንት የጻፉትን በእርሳስ ፊደል ስደረድር ነው ዓይኔ የደከመው። እና የምናገረው ከሊቁ ወንበር ላይ ሆኜ ሳይሆን ከአታሚው ሳጥን አጠገብ ቆሜ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉትን ሰው ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ እጅ አውጡ!... አየሁ። በጣት የሚቆጠር ነው። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። የደሴ ተማሪ የናፖሊዮንን ጦርነት እየሸመደደ ነው ያደገው፤ ስለ አገሩ ልጅ ግን የነገረው የለም።

ሰውየው የኛ ናቸው

ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ምድር ድሮ አምሐራ ይባል ከነበረው ግዛት ውስጥ ነው። በዚያ ግዛት መካነ ሥላሴ የምትባል የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በኢማም አሕመድ (በግራኝ) ጦርነት ዘመን ተቃጠለች። አባ ጎርጎርዮስ ከመካነ ሥላሴ አገር የተገኙ መነኩሴ ናቸው። ከካቶሊኮቹ ጋር ስለወገኑ፣ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ እሳቸውም አገር ለቀው ወጡ። ሮም ደርሰው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ።

በ1649 እ.ኤ.አ. ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደዚያ መጣ። ግዕዝን ከመጽሐፍ ላይ ለቃቅሞ ተምሯል፤ ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ ሰው ግን የለም። አፉን ሲከፍት ሐበሾቹ ሳቁ አሉ። ሳቃቸው እውነታቸውን ነው፤ ቋንቋን በዓይን ብቻ የተማረ ሰው አነጋገሩ ያስቃል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይዘው አስተማሩት። በግዕዝ እየተግባቡ አማርኛንም ጨመሩለት። በ1652 እ.ኤ.አ. የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዛቸውና ጀርመን አገር ሄዱ። የአገራችንን ታሪክ፣ ሕግ፣ ሥርዓት፣ እንስሳውንና ዕፅዋቱን እየተጠየቁ መለሱ። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 እ.ኤ.አ. አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሞክሩ እስክንድሮን አጠገብ መርከባቸው ተሰበረና ባሕር በላቸው።

ከዚያስ? በ1661 እ.ኤ.አ. የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለንደን ላይ ታተመ። በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ታሪክ ፍራንክፈርት ላይ ወጣ። በ1698 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ። ልብ በሉ! አማርኛችን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና ሰዋስው የወጣለት አንድ የዚህ አገር መነኩሴ ለአንድ ፈረንጅ ባስተማረው ትምህርት ነው።

"ፈረንጁ ሰረቀን" የሚል ይኖራል። አይደለም! ሉዶልፍ የመምህሩን ስም አልደበቀም። ይሄን ያልኩት ከጎርጎርዮስ ሰምቼ ነው እያለ በየገጹ ያነሳቸዋል፤ ምስላቸውን አስቀርጾም አሳትሟል። ስማቸውን የጣልነው እኛው ነን። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ሌባ ቢኖር እንከስ ነበር፤ የረሳን ሰው ግን ማን ይከሰዋል?

ሊቅ ያለ አታሚ፣ አታሚ ያለ ሊቅ

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የላቲን ፊደል ለቃሚ 26 ፊደል በትልቅና በትንሽ ይዞ ይሠራል። የግዕዝ ግን 26ቱ በሰባት ሲባዛ 182 ነው፤ ዲቃላውና አኀዙ ሳይቆጠር። በአማርኛ ደግሞ 33ቱ በሰባት 231 ይሆናል። ይህ ሁሉ በየጎጆው በየሳጥኑ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የእርሳሱ ፊደል የሚታየው በግልባጩ ነው። በ እና ቡ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። እንኳን ፈረንጅ እኛም እንሳሳታለን!

ስሕተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በግዕዝ "ሠረቀ" ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ "ሰረቀ" ግን ያው ሰረቀ ነው። ንጉሡን ሠ ትቶ እሳቱን ሰ ያነሳ ለቃሚ ፀሐይን ሌባ አደረጋት ማለት ነው። ለዚህ ነው ሊቁ ከማተሚያ ቤቱ ራስጌ መጥፋት የሌለበት።

በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ወጣ። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሲሆን ያስተማሩት አባ ቶማስ የሚባሉ ሐበሻ ናቸው። ፖትከን ግዕዛችንን "ከለዳዊ ቋንቋ" ብሎ ነበር የጠራው! ሊቁና አሳታሚው ገና በወጉ ሳይተዋወቁ የሠሩት ሥራ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ይመጣሉ። አገራቸው በጦርነት ስትታመስ ወጥተው ሮም የገቡ ስደተኛ ናቸው። በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በእጃቸው ባለው ብራና የግብረ ሐዋርያት ብዙው ክፍል ጎድሎ ስላገኙት ከላቲንና ከጽርዕ እየተረጎሙ ሞሉት። መጨረሻው ላይ አንባቢውን ይቅርታ ጠየቁ። የሚያትሙት ሰዎች ፊደሉን ማንበብ እንደማይችሉ፣ እሳቸውና ጓደኞቻቸውም የኅትመት ሥራን እንደማያውቁ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተው እንደሠሩት ገለጹ። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ከ400 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የኛም ኑሮ እንደዚያው ነበራ! ሊቁ "አበላሻችሁብኝ" ይላል፤ እኛ ደግሞ "ጽሑፍዎ አይነበብም" እንላለን። መጽሐፉ ግን የሚወጣው ሁለቱ ሲቻቻሉ ብቻ ነው።

ሳይቻቻሉ ሲቀሩስ? ሉዶልፍ ያንን የለንደኑን መዝገበ ቃላት እንዲያሳትምለት ቫንስሌብ የሚባል ተማሪውን ልኮት ነበር። ተማሪው የራሱን እየጨመረ በስሕተት አጨቀው። ሉዶልፍ ተናደደ። መጽሐፉን አርሞና አስፋፍቶ እንደገና ያወጣው በ1699 እ.ኤ.አ. ነው። የአንድ ግዴለሽ አራሚ ዕዳ 38 ዓመት ፈጀ ማለት ነው!

የብሩስ አገር ሰዎች ምን አደረጉ?

ከጎንደር መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ የሄደውን ጄምስ ብሩስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስኮትላንዳዊ ነው። አገሩ ያኔ እንደኛው ተራራማና ድኻ አገር ነበረች። የነሱ "ግዕዝ" ላቲን ነው፤ የሊቃውንት ቋንቋ። እነሱ ግን አንድ ነገር አደረጉ። ሊቁንና አታሚውን አንድ ቤት አስገቧቸው።

ቶማስ ሩዲማን የሚባል የገጠር አስተማሪ ነበር። ኤዲንብራ ገብቶ የጠበቆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ። በ1714 እ.ኤ.አ. ለልጆች የላቲን መማሪያ አወጣ፤ በዓመቱ ከወንድሙ ጋር ማተሚያ ቤት ከፈተ። ኋላም የጋዜጣ ባለቤት ሆነ። ጋዜጣ የምታነቡ ሰዎች ይሄን ልብ በሉልኝ! የሰዋስው ሊቅ ጋዜጣ ሲያሳትም አልተዋረደም።

ግላስጎ ላይ ደግሞ ፎውሊስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቅየው ፀጉር አስተካካይ ነበር። በ1744 እ.ኤ.አ. የሮማዊውን ባለቅኔ የሆራስን ግጥሞች ሲያሳትሙ እያንዳንዱን ገጽ ዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ ሰቀሉና "ስሕተት ላገኘ ሽልማት እንሰጣለን" አሉ። ያም ሆኖ ከታተመ በኋላ ጥቂት ስሕተት አልጠፋበትም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። እርማትን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ክብር ቆጠሩት። እኛ አገር ስሕተቱን የነገርከው ባለሥልጣን ስንት ዓመት እንደሚቀየምህ ታውቁታላችሁ።

እኛም አልጠፋንም ነበር

በኛም አገር የሩዲማን ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደራሲም ሊቅም ሆነው ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቁመዋል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ከሀሁ አንሥተው ፊደል ገበታን በየመንደሩ አዳረሱ። ከመካከላችሁ በዚያ ገበታ ያልተማረ ጎልማሳ አለ? እኔ እንጃ!

ከሁሉም በላይ ግን የምገረምበት የአንድ መጽሐፍ ጉዳይ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ላይ ለጣሊያናዊው ሊቅ ለኢግናዚዮ ጉይዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የረዱ ሰው ናቸው። የራሳቸውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይጨርሱ አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት። ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ድሬዳዋ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፉበት። እሳቸውም ሳይታተም አረፉ። የሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አወጡት። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የሚባለው ይህ ነው። ሦስት ትውልድ ለአንድ መጽሐፍ! ሦስተኛው ሰው ባይኖሩ ኖሮ የሁለቱ ድካም የአይጥ ቀለብ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወደ ደሴ እንመለስ

አሁን ጥያቄው የኛ ነው። የኛ ሦስተኛ ሰው ማነው?

ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ ደጃችን ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከኛ ዘመን ደርሷል። መቅደላ ሩቅ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው ብራናዎች በ1868 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። በሙስሊሙም በኩል ጀማ ንጉሥና ዳና የዕውቀት ማዕከል ነበሩ። ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር አማርኛን በዐረብ ፊደል ጽፈው መንዙማ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ የታተመው በ2001 እ.ኤ.አ. ላይደን፣ ሆላንድ ነው። አያችሁ? ከ1513 ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ሊቁ የኛ፣ ማተሚያው የሰው!

ከ1966 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየገዳሙ እየተዞረ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ ሆነው የብዙዎቹን ይዘት በዝርዝር ጻፉልን። የሐይቁም ወንጌል ከተነሡት አንዱ ነው። ያልተነሣውስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይታችኋል። ቅጂ የሌለው ነገር አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ብራናው ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹም ናቸው። ዛሬ በየደብሩ ትርጓሜውን በቃላቸው የያዙ የኔታዎች፣ በየመስጊዱ የአባቶቻቸውን ኪታብ በሣጥን የቆለፉ ሸሆች አሉ። አንዱ ሲያርፍ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ንፍሮ እንበላለን፣ እንመለሳለን። መጽሐፉ ግን አብሮ ተቀበረ። ለበዓል ድንኳንና ለባነር ገንዘብ የማይጠፋበት ቢሮ ለአንድ የኔታ መጽሐፍ ማሳተሚያ "በጀት የለም" ይላል።

እንግዲህ መንግሥትን ስንጠብቅ እንዳናረጅ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእጃችሁ ያለ ብራናና ኪታብ ለደላላ አይሸጥ፤ ባለቤቱ ፈቅዶ በስልካችሁ ይነሣ፣ ዋናው ከቦታው አይነቃነቅ። ሁለተኛ፣ እናንተ ወጣቶች፣ ከየኔታና ከሸሁ ሥር ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ ስትጽፉም ሊቁ በሕይወት ሳሉ አንብባችሁላቸው ያርሙት። ሦስተኛ፣ ሲታተም የሊቁ ስም በሽፋኑ ላይ ይውጣ፤ የአራሚውና የአታሚው ስም ደግሞ ከውስጥ ገጽ አይጥፋ። ሃምሳ ኮፒ ቢሆንም ግድ የለም። አብሽሩ! የሮሙም መዝሙር በትንሽ ነው የተጀመረው።

አባ ጎርጎርዮስ ያላቸውን ለሰው አገር ሰው የሰጡት አገራቸው ላይ የሚያትም ስላልነበረ ነው። ዛሬ ደሴ ላይ ማተሚያ ሞልቷል፤ ኮምፒውተር ያለው ልጅ በየሰፈሩ አለ። ሊቃውንቱም ገና አላለቁም። የቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ እሱን ደግሞ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል።