ቁልፍ ሳይመለስ፦ የዳታቤዝ ተጠቃሚን ስለመሰረዝ



በሺሺንዳ ቡና የሚረከብ ማኅበር የአርሶ አደሮቹን ሒሳብ በማይኤስኪውኤል ይዟል እንበል። መዝጋቢው ወደ ቦንጋ ቢዛወር የመግቢያ ስሙ ምን ይሆናል? ተረስቶ ከቀረ፣ ሳይመለስ እንደ ቀረ ቁልፍ እቈጥረዋለሁ።

መሰረዣው ትእዛዝ «ድሮፕ ዩዘር» አጭር ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይቀድመዋል። መግቢያ ማለት ስምና የሚገባበት አድራሻ በአንድነት ነው፤ ስለዚህ አንዱን ብንሰርዝ፣ በዚያው ስም ለሌላ አድራሻ የተከፈተው ይቀራል። ዝርዝሩን አስቀድመን እንመልከት።

ትእዛዙ አስቀድሞ የገባን ሰውም አያስወጣም። ግንኙነቱ እስኪዘጋ ሥራውን ይቀጥላልና በ«ኪል» ማቋረጥ ይገባል። መዝጋቢው የፈጠራቸው ሠንጠረዦች አይጠፉም፤ በእርሱ ስምና ሥልጣን የሚሠሩ ቪውዎች ግን ከስረዛው በኋላ ስሕተት ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ ወደ ሌላ ኃላፊ ስም ማዛወር ያሻል።

ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መግቢያውን መቈለፍ፣ የተከፈተውን ግንኙነት ማቋረጥ፣ በዚያ ስም ሲገባ የኖረ ፕሮግራም መኖሩን ጥቂት ቀን መታዘብ፣ በመጨረሻም መሰረዝ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ የባለሙያ ትጋት ብቻ አይደለም። የአርሶ አደሩ ሒሳብ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ማን እንደሚነካው ሳይታወቅ አይጠበቅም።