የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ ስለ ማረም



በመሥሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ፥ ለእንግዳ የሚታደለውን መግለጫ፥ ወይም የዓመቱን ሪፖርት ብትገልጡ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ሳታገኙ አትቀሩም። ከእነዚህም የሚበዙት በኮምፒዩተር የታረሙ ናቸው። ማረሙ ራሱ ነውር የለበትም፤ ቀድሞም ፎቶ ቤቶች በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ሬቱሽ ያደርጉ ነበር። ነገር ግን እርማት የሚያበቃበትና ሐሰት የሚጀምርበት ወሰን አለ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ወሰን ነው።

ለዚህ ጉዳይ የጋምቤላው ነጭ ጆሮ ቆርኬ መልካም አስተማሪ ነው። ይህ እንስሳ በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳን መካከል ድንበር እየተሻገረ ይመላለሳል፤ በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ከአውሮፕላን የተደረገው ቆጠራ ብዛቱን ወደ 5 ሚሊዮን ገምቶታል። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ጠጕሯም ቀላ ያለ ነው። ወንዱ በወጣትነቱ በቀለም እርሷን ይመስላል፤ ሲጎለምስ ግን ሰውነቱ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ጆሮው፥ የዓይኑ ዙሪያና ጕሮሮውም በነጭነታቸው ጎልተው ይታያሉ።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በቀትር ፀሐይ ካሜራ ይህን ያህል ጥቁርና ይህን ያህል ነጭ ባንድ ጊዜ ለመያዝ ይቸገራል። ብርሃኑ ለጥቁሩ ገላ ቢመጠን ጆሮው ተቃጥሎ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ ለጆሮው ቢመጠን ገላው ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ብልህ አንሺ አስቀድሞ ለነጩ ይጠነቀቃል፤ ፈጽሞ የተቃጠለውን ነጭ በኋላ መመለስ አይቻልምና። ካሜራው የመዘገበውንም ጥሬ ፋይል ሳይነካ ያስቀምጣል።

ከዚያም በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የጨለመውን ገላ በጥቂቱ ያነጣዋል፤ ጠጕሩና ጡንቻው በታዩ ጊዜ ግን እጁን ይሰበስባል። ከዚህ አልፎ ቢያነጣው የጎለመሰው ወንድ እንደ ወጣት ቀልቶ ይታያል፤ ተመልካቹም ዕድሜውን ይሳሳታል። በበጋ ሣር ሲቃጠል ጢሱ ሥዕሉን ቢያደበዝዘው፥ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት በመጠኑ ማጉላት ተገቢ ነው። የማለዳውን ወርቃማ ብርሃን ግን ጆሮው ይንጣ ብሎ ማጥፋት ሰዓቱን መዋሸት ነው። ሥዕሉንም ሲቆርጥ እንስሳው በሚመለከትበት አቅጣጫ ጥቂት ባዶ ቦታ ይተውለታል።

የማይነካው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ የተቀደደ ጆሮ፥ የተሰበረ ቀንድ፥ በአንገት ላይ ያለ ጠባሳ። ለዓይን ደስ አይሉም ተብለው ሲፋቁ ጉዳቱ ከባድ ነው። ተመራማሪ አንዱን እንስሳ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ምልክት ነው። የወጥመድ ሽቦ የተወው ጠባሳም አዳኝ በዚያ ምድር እንደ ነበረ ይመሰክራል። ያንን ጠባሳ ያጠፋ ሰው፥ ሳያስበው የአዳኙን ዱካ አጠፋለት ማለት ነው።

ታላላቅ መጽሔቶችም ቢሆኑ ከዚህ ፈተና አልዳኑም። ናሽናል ጂኦግራፊክ በ1982 እ.ኤ.አ. በየካቲት እትሙ ሽፋን ላይ፥ ሥዕሉ ለገጹ እንዲመች ሲል የጊዛን ፒራሚዶች በኮምፒዩተር አቀራርቦ በማተሙ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። ፒራሚዱን ማንም ሄዶ ስለሚያየው ነገሩ ታወቀ፤ በጋምቤላ ሣር ውስጥ ያለውን ቆርኬ ግን ሄዶ የሚያመሳክር ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት የአንሺው ኃላፊነት ይከብዳል።

ስለዚህ ሥዕል የምትመርጡና የምታጸድቁ ሁሉ ሦስት ነገር ብትጠይቁ መልካም ነው። አንደኛ፥ ያልታረመው ፋይል የት አለ? ሁለተኛ፥ ምን ተለወጠ? ሦስተኛ፥ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የቦታ ምልክት ከመታተሙ በፊት ወጥቷል? ይህ ሦስተኛው ለአዳኝ መንገድ እንዳይመራ ነው፤ መረጃው ግን ለፓርኩ ጠባቂዎች ሊቀመጥ ይገባል።

አባቶች እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለዋል። የፎቶግራፍ አራሚም ሥራው ይህንኑ ማጥራት ነው፤ በቦታው የነበረውን ይገልጣል እንጂ ያልነበረውን አይጨምርም፥ የነበረውንም አይሰውርም።